ዓሣን በዘንግና በመንጠቆ ስለ ማጥመድ፤ ባስ ስለሚባለውም የውጭ አገር ዓሣ

ለክቡራን የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ለግብርና ሹማምንት፣ በአጠገባቸውም ግድብ ወይም ወንዝ ላላቸው ባለይዞታዎች ሁሉ።

ዓሣ የሚያዝበት መሣሪያ ብዙ ነው። መረብ አለ፤ ወጥመድ አለ፤ ጦር አለ፤ የነገን የማያስቡ ሰዎች የሚጠቀሙበት መርዝም አለ። መረብ የደረሰበትን ሁሉ ጠርጎ ይሰበስባል፤ መርዝ ደግሞ ትልቁንም ትንሹንም ጨርሶ ይገድላል። መንጠቆ ግን አንድ ጊዜ አንድ ዓሣ ብቻ የሚያወጣ ስለ ሆነ፣ አጥማጁ በእጁ የገባውን አይቶ፣ ለምግብ የደረሰውን ወስዶ፣ ያልደረሰውን ወይም በመራቢያው ጊዜ የተያዘውን በሕይወቱ ወደ ውኃው ለመመለስ ይችላል። ስለዚህ ውኃው ትንሽ፣ ዓሣውም ጥቂት ለሆነ አገር ከመንጠቆ የሚሻል መሣሪያ የለም ብንል ከእውነት አንርቅም። ጴጥሮስም ግብሩን የከፈለበትን ብር ያገኘው በመረብ ሳይሆን በመንጠቆ በያዘው ዓሣ አፍ ውስጥ እንደ ነበረ የማቴዎስን ወንጌል ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል።

ትግራይ የሐይቅ አገር አይደለም። የታወቀው የተፈጥሮ ሐይቅ በደቡብ በኩል በኮረም አጠገብ ያለው ሐሸንጌ ነው። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. ግድም ለውኃና ለአፈር ጥበቃ ሥራ የተቋቋመው ኮሚሽን በአሥር ዓመት ውስጥ 500 ግድብ ለመሥራት አስቦ ነበር፤ የተሠራው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ ቀድሞ ውኃ ባልነበረበት ሸለቆ ብዙ ትንንሽ ባሕር ተፈጥሯል። ከመቀሌ ከተማ ከዓዲ ሓቂ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው በአዲ ጉዶም አጠገብ የጉም ሰላሳን ግድብ ያገኛል፤ ወደ ሰሜን የሄደም በውቅሮ አጠገብ የላዕላይ ውቅሮንና የቆሪርን ግድብ ያያል። በምዕራብ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ አለ፤ ቁመቱ 188 ሜትር ሲሆን ከኋላው ያጠራቀመው ውኃ ከትንንሾቹ ጋር በምንም አይመዛዘንም።

በዓዲ ሓቂ ክፍለ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢና ገበያ ስላለ፣ በዕረፍት ቀኑ ከከተማ ወጥቶ አየር ለመለወጥ የሚሻ ሠራተኛና ተማሪ ብዙ ነው። ከእነዚህም መካከል አሜሪካኖች ባስ የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምዱ በስልክ በሚታየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ተመልክቶ፣ እኛስ ለምን አናደርገውም የሚል ወጣት አይጠፋም። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም በውስጡ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል፤ አንዱ የባስ አጠማመድ ጥበብ ነው፤ ሁለተኛው ባስ ራሱ ነው። ጥበቡን እንቀበለው፤ ዓሣው ግን በአገሩ ይቈይ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ስለ ሆነ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናስረዳለን። የውጭ አገር ነገር ስንጠቅስ የምንጽፈው ዓመት በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። አፈ ሰፊው ባስ የሚባለው ዓይነት በሐይቅና ቀስ ብሎ በሚፈስስ ወንዝ ይኖራል፤ ጠባዩም እንደ ነብር ነው። በወደቀ ግንድ ሥር፣ በሣርና በድንጋይ ጥላ ተሸሽጎ ይጠብቅና ትንሽ ዓሣ፣ እንቁራሪት ወይም ነፍሳት ባጠገቡ ሲያልፍ ድንገት ወጥቶ ይውጠዋል። አጥማጆቹም ይህን ጠባዩን አጥንተው፣ የሞተ ምግብ በመንጠቆ ሰክቶ ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ፣ በሕይወት ያለ የሚመስል ሰው ሠራሽ ማታለያ ወደ ተሸሸገበት ቦታ ወርውሮ እየሳቡ ማስቈጣትን ተማሩ። ጥበቡ በሙሉ ይኸው ነው፤ የቀረው የእጅ ልምምድ ነው። ጆርጅ ፔሪ የሚባል ሰው በ1932 በጆርጂያ አገር የያዘው ባስ ከ10 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ በዓለም አንደኛ ተብሎ ተመዘገበ፤ በ2009 ማናቡ ኩሪታ የሚባል ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ የሚተካከለውን እስኪይዝ ድረስም ለ77 ዓመት አቻ አልተገኘለትም።

ጃፓናዊው የአሜሪካን ዓሣ በአገሩ ሐይቅ እንዴት አገኘው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ የጉዳያችን ሥር ነው። በ1925 ባስ ከአሜሪካ መጥቶ በአሺ ሐይቅ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ከውኃ ወደ ውኃ ተዛምቶ፣ በቢዋ ሐይቅም የአገሩን ትንንሽ ዓሣ ስለ በላ የአጥማጆቹ ኑሮ ተጐዳ፤ በ2005 የጃፓን መንግሥት ባስን በሕይወቱ ማጓጓዝንና በውኃ መልቀቅን በሕግ ከለከለ። ለመልቀቅ አንድ ቀን በቃ፤ ለመመለስ ግን ሰማንያ ዓመትም አልበቃም። በአህጉራችንም በ1928 ወደ ደቡብ አፍሪቃ፣ በ1929 ወደ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ባስ ተወስዷል። ናይቫሻ ቀድሞውኑ የራሱ ዓሣ ያነሰው ሐይቅ ስለ ነበረ ብዙ የሚጐዳ አላገኘም፤ ከዚያ አይቶ እኛም እንዲሁ እናድርግ ማለት ግን ስሕተት ነው።

በፊሊፒን ደሴቶች ላናው በሚባል ሐይቅ፣ ከሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ የካርፕ ወገን ዓሦች ይኖሩ ነበር። ከውጭ የመጡ ዓሦች ገብተውባቸው በ2020 ከእነዚያ 15 ዓይነት የሚሆኑት ፈጽመው ጠፉ ተብሎ ተመዘገበ። አሁን በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ትልልቅ የካርፕ ወገን ዓሣ ማኅበር ሳይፈርስ የቀረው በእኛው በጣና ሐይቅ ነው። የጣና ቢልጫ አንድ ዓይነት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ሊቃውንት ግን 15 ዓይነት ለይተው ጽፈዋል፤ ከእነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው። እንግዲህ አሳዳጅ ዓሣ በመንጠቆ ለመያዝ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ከአሜሪካ የሚያስመጣው ምን አለ? የቢልጫ ወገን በተከዜና በገባሮቹም ይገኛል። አንድ ባለገንዘብ ባስን አምጥቼ በግድቡ ልልቀቅ ብሎ ለወረዳው ማመልከቻ ቢያቀርብ፣ የግድቡ ማፍሰሻ ወደ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ተከዜ እንደሚወርድ አስተዳዳሪው ያስብ። ዓሣ የወረዳ ድንበር አያውቅም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንለፍ። ከሁሉ አስቀድሞ በውኃው ውስጥ የትኛው ዓሣ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው የሚመረጠው በዓሣው አፍና በጠባዩ ነውና። በአገራችን ውኃዎች በብዙ የሚገኙት ሦስት ናቸው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ በውኃው ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገርና ጥቃቅን ነፍሳት ይመገባል። አምባዛ ሰፊ አፍና ረጃጅም ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፣ ሌሊት በውኃው ወለል እያሸተተ የሚሄድ ነው። ቢልጫ ደግሞ ሰውነቱ የረዘመ፣ ብርቱ ዋናተኛ፣ የሚፈስሰውን ውኃ የሚወድድ ነው። በሐሸንጌ ከቆሮሶ ጋር ካርፕ አለ፤ በተከዜ ሦስቱም አሉ። በትንንሹ ወንዝ ድንጋይ ላይ በአፉ የሚጣበቀው ጣት የሚያህል ዓሣ ግን ለመንጠቆ አይሆንም፤ ማባበያ ለመሆን ብቻ ይበቃል።

ዘንግ ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ይሠራል። ለቆሮሶ ሦስት ወይም አራት ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ ቀጥኖ የሚተጣጠፍ፣ በጥላ የደረቀ ቀርከሃ እጅግ መልካም ነው፤ በፀሐይ የደረቀ ይሰነጠቃል። ክሩ በዘንጉ ጫፍ ታስሮ ርዝመቱ ከዘንጉ ጋር ትክክል ይሁን። እንዲህ ያለው ዘንግ ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ጀማሪም ሌላ አያስፈልገውም። ማታለያ ወርውሮ ለመሳብ ለሚፈልግ ግን ሁለት ሜትር የሚያህል፣ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ያሉበት ዘንግና ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር ያሻዋል። መዘውሩ ዓሣው አለቅጥ ሲጐትት ክሩ ሳይበጠስ እየተንሸራተተ እንዲለቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። ይህን ማስተካከያ ጨርሶ አጥብቆ የሚያስር ሰው ትልቁን ዓሣ ሁልጊዜ ሲያመልጠው ይኖራል፤ ጥፋቱንም በክሩ ላይ ያላክካል። ክሩ ከሚችለው ክብደት ሢሶ በሚያህል ኃይል ሲሳብ እንዲለቅ አድርጎ ማስተካከል ይበቃል።

ክር ከናይለን የተሠራው ይሻላል። ለቆሮሶ ውፍረቱ 0.20 ሚሊሜትር፣ ሦስት ኪሎ ያህል የሚችል፤ ለቢልጫ 0.30 የሆነ፣ ስድስት ኪሎ ግድም የሚችል፤ ለአምባዛ 0.40 ሆኖ አሥር ኪሎ የሚችል ክር ይበቃል። ወፍራም ክር ዓሣን ያስፈራል፤ በተለይም ውኃው ጥሩ በሆነበት በበጋ ወራት። በዝናም ጊዜ ውኃው ሲደፈርስ ወፍራሙ አይጐዳም። ናይለን በፀሐይ ስለሚበላሽ በከረጢት ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ዓመት ሲሞላውም ይለወጥ።

መንጠቆ በቁጥር ይሸጣል፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን መንጠቆው እያነሰ ይሄዳል፤ ይህንንም የማያውቅ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ይገዛል። ለቆሮሶ ቁጥር 8 ወይም 10፤ ለቢልጫ ቁጥር 2 ወይም 4፤ ለአምባዛ ቁጥር 1ና ከዚያ የሚተልቀው ይሆናል። ጫፉ ጥፍር ላይ ሲደረግ የሚንሸራተት ከሆነ ደንዝዟልና በጥሩ ሞረድ ይሳል። ከጫፉ በታች ወደ ኋላ የዞረችው እሾኽ ዓሣው እንዳያመልጥ የተሠራች ናት፤ ዓሣውን መልሶ ለመልቀቅ ያሰበ ሰው ግን በጉጠት ተጭኖ ያስተኛት፤ የዓሣውም አፍ አይቀደድም፤ የሰውም ጣት ቢወጋ በቀላሉ ይወጣል።

የመንጠቆው አስተሳሰር ቀላል ቢሆንም ብዙ ዓሣ የሚጠፋው በዚሁ ነው። ክሩ በመንጠቆው ዓይን ያልፋል፤ ጫፉ በዋናው ክር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይጠመዘዛል፤ ከዚያም ተመልሶ በመንጠቆው ዓይን አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀዳዳ ይገባል። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ናይለን ሲደርቅ ተፋትጎ ይሞቅና ይደክማልና። በመጨረሻ ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ የቀረው ጫፍ ይቈረጣል።

ክሩን ወደ ታች የሚያወርድ ክብደትና በላይ የሚንሳፈፍ ምልክት ደግሞ ያስፈልጋል። ለምልክት ቡሽ ወይም የደረቀ የሸምበቆ ቁራጭ ይሆናል። ለክብደት ብዙ ሰው እርሳስ ይወድዳል፤ ነገር ግን ተበጥሶ በውኃው የሚቀረውን ትንሽ እርሳስ የውኃ ወፎች እየዋጡ ይሞታሉ። በእንግሊዝ አገር በዚሁ ምክንያት በ1987 የትንንሹ እርሳስ ሽያጭ ተከለከለ። የብረት ብሎን ወይም የተበሳ ጠጠር ያንኑ ሥራ ይሠራልና እርሳሱ ባይለመድ ይሻላል።

ማታለያ ከባሕር ማዶ የመጣ እንደ ሆነ ዋጋው ይከብዳል። ነገር ግን ከአሮጌ የሻይ ማንኪያ ይሠራል። የማንኪያው እጀታ ተቈርጦ ይጣላል፤ ጐድጓዳው ክፍል በሁለቱም ጫፍ ይበሳል፤ በአንዱ ቀዳዳ ክሩ የሚታሰርበት ቀለበት፣ በሁለተኛው መንጠቆው ይገባል። በውኃ ውስጥ ሲሳብ ወዲያና ወዲህ እየተንገዋለለ፣ ፀሐይም እያብረቀረቀበት የቈሰለ ትንሽ ዓሣ ይመስላል። ጁልዮ ቡኤል የሚባል አሜሪካዊ ማንኪያው ከጀልባ ወድቆ ዓሣ ሲነክሰው አይቶ ይህን መሣሪያ እንዳሰበ ይተርካሉ፤ እውነት ይሁን ተረት፣ በ1852 ለፈጠራው የመንግሥት የምስክር ወረቀት ተቀብሏል። ለቢልጫ የሚሠራው ማንኪያ ትንሽና ጠባብ ይሁን። የቢልጫ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የሚያላምጥበት ጥርሱ በጕሮሮው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እንደ ባስ ትልቁን ሳይሆን የሚያንሰውን ዓሣ መርጦ ያሳድዳል። ለባስ ተብሎ የሚሸጠውን እጅ የሚያህል ማታለያ ገዝቶ ጣናም ተከዜም የወረደ ሰው ባዶ እጁን ቢመለስ አይደነቅ።

ስለ አጠማመዱ ደግሞ እንዲህ ነው። ቆሮሶን የሚሻ ሰው ሊጥ፣ የበቆሎ ቂጣ ወይም የምድር ትል በትንሽ መንጠቆ ይሰካል፤ መንጠቆው እስኪሸፈን ድረስ ብቻ እንጂ አያብዛ። በውኃው ዳር ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር በሚጠልቅ ቦታ ይጥልና ቡሹን ይጠብቃል። ቆሮሶ አይጐትትም፤ ይቀምሳል። ቡሹ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነቅነቅ ይልና ወደ ጐን ይሄዳል፤ ዘንጉ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ ያውም በጣት አንጓ እንጂ በክንድ አይደለም። ከመጀመሩ በፊት ጥቂት የተፈረፈረ ሊጥ በውኃው ቢበተን ይሰበሰባሉ። ጫጫታና የሰው ጥላ ግን ይበትናቸዋል፤ ስለዚህ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ መቆም አይገባም።

አምባዛ በጨለማ ይያዛል። የበግ አንጀት፣ የዶሮ ጉበት፣ ወይም ጠረኑ የጸና ማናቸውም ሥጋ በትልቅ መንጠቆ ተሰክቶ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ምልክት አያስፈልገውም፤ ክሩን በጣት ይዞ መጠበቅ ነው። አምባዛ ሲነክስ ቸኩሎ መሳብ አይገባም፤ ይዞ መሄድ ሲጀምር ይሳብ። ከወጣ በኋላ በክንፉ ሥር በሁለት ጐን ያለችው ጠንካራ እሾኽ እጅን ትወጋለችና ከራሱ በስተኋላ ተጠንቅቆ መያዝ ይገባል። ከጉንጩ በላይ አየር የሚተነፍስበት ብልት ስላለው ከውኃ ወጥቶም ብዙ ሰዓት ይኖራል።

ቢልጫን በማጥመድ ግን የባስ አጥማጆች ትምህርት ሁሉ ይጠቅማል። በባዶው መካከለኛ ውኃ መወርወር ከንቱ ድካም ነው። ወንዙ ወደ ግድቡ የሚገባበት አፍ፣ የሰመጠ ዛፍ፣ የድንጋይ ክምር፣ ጥልቁና ጥልቅ ያልሆነው ውኃ የሚገናኙበት ጠርዝ ይፈለግ። ማታለያው ከቦታው አልፎ ይወረወርና እስኪሰምጥ ድረስ ጥቂት ይጠበቃል፤ ከዚያ በመዘውሩ እየተጠቀለለ ይመጣል፤ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት፣ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ቆም ይደረጋል። ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው በቆመበት ቅጽበት ነው፤ የደከመ ስለሚመስለው። ሲነክስ ዘንጉ ወደ ላይ ይነሣል፤ ክሩ ሳይላላ፣ ዘንጉም ተጣጥፎ ሳለ ዓሣው እስኪደክም ይለቀቅለታል፤ ይሳባልም። በዘንግ ጐትቶ ወደ ምድር ከመወርወር ይልቅ በእጅ መረብ ከታች ማንሣት ዓሣውንም ክሩንም ያድናል። ማንኪያው ባይገኝ በሕይወት ያለ አንበጣ በውኃው ፊት ላይ እንዲንሳፈፍ ማድረግም ይበቃል፤ በመኸር ወራት ከዚህ የሚሻል የለም።

ስለ ሰዓቱ፣ የውጭ አገር መጻሕፍት ሁሉ ማለዳና ማታ ይላሉ። በቈላ እውነት ነው። ከሁለት ሺሕ ሜትር በላይ ባለው በእኛ ደጋ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውኃው እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ቆሮሶ የሙቅ አገር ዓሣ ስለ ሆነ ፈዞ ይውላል። ፀሐይ ዳር ዳሩን ካሞቀችው በኋላ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ወደ ዳር ይመጣልና በዚያ ወራት ማለዳ ተነሥቶ መንቀጥቀጥ ትርፍ የለውም።

የሴት ቆሮሶን ነገር ለይተን ማስረዳት ይገባናል። ወንዱ በዳር ባለው አሸዋ ላይ ጐድጓድ ይቈፍራል፤ ሴቲቱ እንቁላልዋን ጥላ ወዲያው በአፍዋ ትሰበስበዋለች፤ ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስም በአፍዋ ትጠብቃቸዋለች። በዚህ ጊዜ ብዙ ስለማትበላ በመንጠቆ የምትያዘው በጥቂቱ ነው፤ በመረብ ግን ከነልጆችዋ ትጠፋለች። አፍዋ የተነፋ ወይም እንቁላል የምትተፋ ዓሣ የተያዘች እንደ ሆነ፣ እጅን በውኃ አርጥቦ ይዞ በዚያው ቦታ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ የሚጠብቀው ልስላሴ ከቆዳው ስለሚላጥ ከተለቀቀ በኋላም ይታመማል።

መረብ ያደረሰውን ጉዳት ለማየት ወደ ጣና መመልከት ይበቃል። በጣና ከጥንት ጀምሮ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ያጠምዱ ነበር። በ1986 በኤውሮፓ አቈጣጠር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ ግን፣ ቢልጫ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጣ በወንዙ አፍ ላይ መረብ እየተዘረጋ ይጠበቅ ጀመር። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ዐሥር ዓመት የሚወጣው ቢልጫ በክብደት ወደ ሩብ ወረደ። መረብ ሁሉ ይከልከል አንልም፤ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነውና። ነገር ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በገባሮች አፍ መረብ ከተዘረጋ የሚያዘው ወላጁ ነው፤ ይህ ነገር በጣናም ሆነ በተከዜ አንድ ነው። የመንጠቆ ሰዎችም በእነዚያ ወራት ከወንዙ አፍ ርቀው በግድቡ መካከል ቢያጠምዱ ተገቢ ነው።

የመርዙ ነገር ከዚህ ይከፋል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ እንደሚንሳፈፍ በአገራችን ከጥንት የታወቀ ነው። እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በኤውሮፓ አቈጣጠር በዓድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ለቢልሃርዝያ በሽታ መከላከያ የሚሆን ታላቅ ዕውቀት አገኙበት፤ ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። በሚፈስስ ወንዝ መርዙ ይታጠባል፤ በትንሽ ግድብ ግን የሚሄድበት የለውም፤ ያንኑ ውኃ ከብትና ሰው ይጠጡታል።

ቢልሃርዝያን ካነሣን፣ አጥማጁ በባዶ እግሩ ወደ ውኃ ባይገባ፣ ዳር ሆኖ ወይም ረጅም የላስቲክ ጫማ አድርጎ ቢያጠምድ ይሻላል። ሁለተኛው አደጋ ወባ ነው። በ1999 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በትግራይ በግድብ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ ከራቁት ይልቅ ሰባት እጥፍ እንደ በዛ አስረድቷል። አምባዛን ፍለጋ ከፀሐይ መግቢያ በኋላ በውኃ ዳር የሚቀመጥ ሰው ክንዱንና እግሩን ይሸፍን። የግድብ ዳር ጭቃም ከላይ ደርቆ ከሥር የሚውጥ ስለ ሆነ ልጆች ብቻቸውን አይሂዱ። የተበጠሰ ክር በዳር አይጣል፤ በወፍ እግርና በላም ምላስ ይጠመጠማልና ተሰብስቦ ይቃጠል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የግብርናው ሥራ በብዙ ቦታ ተቋርጦ ነበር። አሁን ወጣቶች ወደ ውኃው ሲመለሱ በምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚመለሱ የሚወስነው የወረዳው ሹም ነው ማለት ይቻላል፤ ጥሩ መረብ የሚያድለውን በጎ አድራጊ ተቀብሎ የመንጠቆውን ትምህርት ችላ ያለ እንደ ሆነ፣ በጥቂት ዓመት ግድቡ ባዶ ይሆናል። ስለ ዓሣ ሀብት የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ የክልሉም የግብርና ቢሮ በዚሁ ጉዳይ ይጠየቃል። ወረዳው በአዋጁ መሠረት ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያሻ አስቀድሞ ጠይቆ በግድቡ አጠገብ በሰሌዳ ቢያስጽፍ፣ በአጥማጁና በግድቡ ጠባቂ መካከል ጠብ አይነሣም። የግድቡንም ውኃ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበር የሚጠብቀው ከሆነ፣ ከማኅበሩ ጋር ሳይነጋገሩ የከተማ ሰው መላክ መልካም አይደለም፤ ዳሩን የሚረግጠው የእነርሱን ቦይ ነውና።

በግድቡ ዳር አንድ መዝገብ ይቀመጥ። ቀኑ፣ የዘንጉ ቁጥር፣ የተያዘው ዓሣ ዓይነት፣ ርዝመቱ ከአፉ እስከ ጅራቱ በሳንቲሜትር፣ የተመለሰውም ስንት እንደ ሆነ ይጻፍበት። ርዝመቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ከሄደ የማጥመዱ ሥራ መብዛቱ ይታወቃል። የሚበላው ዓሣ እንደ ወጣ ወዲያው ታርዶ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጥላ ይያዝ፤ ከጉም ሰላሳ እስከ ዓዲ ሓቂ ገበያ በእኩለ ቀን ፀሐይ ሳይሸፈን የመጣ ዓሣ ጉንጩ ውስጥ ያለው ቀይ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ገዢም ከዚያ አይቶ ያልፈዋል።